ለቆመ ሰው የወረደ ሙሾ

ሰውአገኝን ስልኩን ሳይደቅን ያየው ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ጥምቀት ላይ ታቦት ሲወጣ ጀርባውን ለታቦቱ ሰጥቶ የራሱን ፊት የሚቀርጽ፣ ባጃጅ ተገልብጦ ሰው ሲያቃስት «ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ» ብሎ ላይቭ የሚገባ ፍጡር ነው። ማራኪ ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ሥር በተከራያት ክፍል ውስጥ ከአልጋው ይልቅ የመቅረጫ ክብ መብራቱ ሰፊ ቦታ ይዟል። አገራችን አንድ ነው፤ ሁለታችንም ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብላ ከምትገኝ አንዲት የወገራ መንደር ነን። ይህን ስናገር አፌን ይመረኛል።

አክስቴ እንኳየሁ አስለቃሽ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል፣ ከእኔ ጋር ትኖራለች። እኔ ቀን ቀን ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት እውላለሁ፤ እሷ ጥጥ ትፈትላለች። ወገራ ውስጥ ደህና ሰው ሲሞት ግን እንዝርቷ ይቆማል። መኪና ይላክላታል፤ ትሄዳለች፤ ከለቀስተኛው መሀል ቆማ ሙሾ ታወርዳለች። ግጥሙን በቃሏ ይዛ አትመጣም። ሟቹን ታስበዋለች፣ አረማመዱን፣ በሬውን፣ የተጣላውንና የታረቀውን ታስባለች፣ ከዚያ ስንኙ ራሱ ይመጣላታል። ያላወቀችው ሰው ከሞተ ግን አፏ አይከፈትም፤ «ምኑን ብዬ?» ትላለች። አንድ ሰርግ ላይ የከተማ ሴቶች እስቲ ለናሙና ያህል ቢሏት ነጠላዋን አራግፋ ተነስታ ሄዳለች።

ሁለት ነገር አታደርግም። መርዶ ሳይነገር አታለቅስም። ላልሞተ ሰው አታለቅስም። በዚህ ምክንያት በእኛ አገር የእሷ ድምፅ እንደ ማኅተም ነው። ወሬ ሊስት ይችላል፤ «ታሟል» ይባላል፣ «ቆስሏል» ይባላል፣ የሞተውን ሰው ወር ሙሉ በሽተኛ አድርጎ ማቆየት የእኛ ሰው ያውቅበታል። እንኳየሁ ካለቀሰች ግን ያለቀ ነው፤ ሚስት ጸጉሯን ትቆርጣለች።

ሰውአገኝ ይህን ሁሉ ያውቃል። የእሷን ቂጣ እየበላ ያደገ ልጅ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል፤ በምን እንዳቀላው እግዜር ይወቅ። በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን ደፋና አያ ማንያዘዋል መሞቱን ነገረን። መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ወባ ይዞት ነው አለ፤ እዚያው ቆላ ተቀብሯል አለ። አክስቴ ከተቀመጠችበት መደብ ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። ማንያዘዋል ለእሷ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ የአንጀት ሕመም ጥሏት የነበረ ጊዜ በቃሬዛ ተሸክመው አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ካደረሷት ወንዶች አንዱ ነው፤ ሌሎቹ በየተራ ሲለዋወጡ እሱ ትከሻውን ያልቀየረ። መንደሩ ውስጥ ዱላ ሲመዘዝ መሀል ገብቶ የሚመታ፣ ተመትቶም የሚያስታርቅ ሰው ነው።

ሰውአገኝ ቀጠለ። በውጭ አገር ያሉት ዘመዶቹ ሬሳውንም አላዩ፣ መቃብሩንም አያውቁት፣ ቢያንስ የእማ እንኳየሁን ሙሾ በስልክ ሰምተን እናልቅስ ብለዋል አለ። ይህ ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። በየለቅሶው ቤት ስልክ ብርጭቆ ተደግፎ ቆሞ ከውስጡ ቤሩት ያለች እህት ደረቷን ስትመታ እናያለን። እኔም ነገሩን አልጠረጠርኩም።

አክስቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«መርዶው ተነግሯል?»

«ጎህ ሲቀድ ተነግሯል፣ እማ። አያ ምስጋናው ራሳቸው ናቸው የነገሩ።»

አያ ምስጋናው የመንደራችን ትልቅ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸው ሲጠራ አክስቴ ሌላ ጥያቄ አልነበራትም። የእኛ ሰው ስለ ከብቱ ይዋሻል፣ ስለ መሬቱ ወሰን ይዋሻል፣ ስለ ዕድሜውማ ሲዋሽ አይታክተውም። በሞት ግን የሚዋሸው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ የሞተውን «አለ» ይላል። ያለውን «ሞተ» የሚል ሰው አክስቴ በዕድሜዋ አላጋጠማትም። ስለዚህ አመነች።

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ሰውአገኝ ስልኩን መቆሚያው ላይ ሰክቶ መስኮቱን ከፈተ፣ ብርሃኑን አየ፣ ከኋላዋ የተሰቀለውን ዘንቢል አነሳ። አክስቴ ዓይኗን ጨፍና ቆየችና ጀመረች፤

ማንያዘዋል ብሎ ስም ያወጣ አባትህ፣
ቆላ ያዘህ አሉ ሳትመለስ ቤትህ።
ሁለት በትር ሲነሳ መሀል የነበረ፣
ከሞት ጋር ሲጣላ ገላጋይ ቸገረ።

ሌላም ብዙ አለች። እኔ ከበሩ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ጎረቤት ያሉ ሴቶች ድምፁን ሰምተው መጥተው አለቀሱ። ስትጨርስ ሰውአገኝ ስልኩን ጎንበስ ብሎ አየና መሀሉ ላይ ፊትሽ ጠቁሯል፣ ያቺን የገላጋይዋን ብቻ አንድ ጊዜ ትደግሚልኛለሽ ወይ አላት። አክስቴ ፊቷን እየጠረገች ቀና ብላ አየችው።

«ለቅሶ ይደገማል እንዴ፣ ልጄ?»

አልተጫናትም። ያገኘው በቅቶታል።

ከዚያ በኋላ ድምፁን የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ከፒያሳ ወደ ማራኪ ዕቃ ላደርስ ስሄድ ከሾፌሩ ስልክ የአክስቴ ድምፅ ወጣ። ከሥሩ ከበሮ ገብቶበታል፤ ድም ድም የሚል የጭፈራ ቤት ምት። ከጎኔ የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች ያውቁታል፤ እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው፣ ከንፈራቸውን ከግጥሙ ጋር እያንቀሳቀሱ፣ የውሸት እንባ እየጠረጉ ራሳቸውን ቀረጹ። «ገላጋይ ቸገረ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ወገባቸውን ነቀነቁ። ስልኬን አውጥቼ ፈለግሁት። ሰውአገኝ ከላዩ «ይህን ሰምተህ ካላለቀስክ ሰው አይደለህም» ብሎ ጽፎበታል። ከሥሩ ሰው «ነፍስ ይማር» ይልና እዚያው አጠገቡ በሳቅ የሚያነባ ቢጫ ፊት ይለጥፋል። አንዱ የበግ ነጋዴ ስልክ ቁጥሩን አስቀምጧል። አንዷ «ሴትዮዋ ለሰርግ ትመጣለች?» ብላ ጠይቃለች። ሰውአገኝ ለእሷ ልብ ልኮ «በውስጥ መስመር አናግሪኝ» ብሏታል።

ማራኪ ሳልደርስ ከባጃጁ ወረድኩ።

ቤት ስገባ ስለ ከበሮው ለአክስቴ አልነገርኳትም። ልንገራት ብልም ጊዜ አልነበረኝም፤ ስልኬ ጠራ። የሻው ነው፣ የማንያዘዋል የወንድም ልጅ። በእኛ መንደር ኔትወርክ የሚገኘው አንድ ጉብታ ላይ ብቻ ነው፤ ሰዉ «ሀሎ ጉብታ» ይለዋል። የሻው እዚያ ወጥቶ ነው የደወለው፤ ነፋሱ ድምፁን እየቆረጠው ነበር። አክስቴም ትስማ ብዬ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

የነገረን ይህ ነው። የማንያዘዋል ሚስት ሸዋአየሁ ከሴቶቹ ጋር ገብስ ታጭድ ነበር። የጎረቤቷ ምራት አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ላይ ስልኳ ላይ አስጭና የመጣችውን ቪዲዮ እያሰማች ታጭዳለች። ሸዋአየሁ የእንኳየሁን ድምፅ ለየችው። ማን ሞቶ ይሆን ብላ ቀና አለች። ቀጥሎ የሰማችው የባሏን ስም ነው። ጎህ ሲቀድ በሯን ያንኳኳ ሽማግሌ የለም፤ ክንዷን የሚይዝ ዘመድ አልተዘጋጀም፤ ማሳ መሀል ላይ፣ ማጭድ በእጇ። በዚያው ማጭድ ጸጉሯን ቆረጠችው። አሁን ዳስ ተጥሏል፣ ሰው ከየቦታው እየጎረፈ ነው፣ ማንያዘዋል ስልኩ አይሠራም፣ መቃብሩ የት እንደሆነ የሚነግረን አጥተናል፣ አለ የሻው። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ።

«እንኳየሁ፣ ምነው ለእኛ ሳትነግሪን ለአገር አወጅሽብን?»

አክስቴ ስልኩን እንደ ሰው ፊት አየችው።

«መርዶ አልተነገራችሁም ነበር?»

«የምን መርዶ? መርዶው አንቺ ነሽ።»

መስመሩ ተቋረጠ። አክስቴ እንዝርቷን ቁጭ አደረገችና ያን ልጅ ሂጂና ጠይቂው አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ለዚህ ነው የፈራሁት።

ሰውአገኝን ከጓደኞቹ ጋር ሲበላ አገኘሁት። ክቡ መብራት በርቷል፤ ሲበላም ይቀረጻል። ሸዋአየሁ ጸጉሯን በማጭድ መቁረጧን ስነግረው ጓደኞቹ መጉረስ አቆሙ፤ እሱ አላቆመም። ነገሩን ከአፉ ለማውጣት እንኳ አልደከምኩም፤ ራሱ በኩራት ተረከልኝ። አያ ማንያዘዋል ደህና ነው፣ ቆላ ሰሊጡን እያጨደ ነው። ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ስለሆነ ማንም ደውሎ ነገሩን አያበላሽብኝም ብሎ ነው እሱን የመረጠው። ፕራንክ ነው፤ ሲመጣ ራሱ ይስቃል። ምነው በሌለ ሰው ስም አላደረግኸውም አልኩት።

«እማ እንኳየሁ ላላወቀችው ሰው አታለቅስማ። አውቃታለሁ እኮ።»

እጁን ከወጥ ጠረገና ወንበር ሳበልኝ። ቁጭ በይ፣ ይልቅ አሪፍ ሐሳብ አለኝ አለ። አብረን ወደ መንደሩ እንሄዳለን፣ ለቅሶው መሀል ገብተን «አልሞተም» ብለን እንናገራለን፣ እሱ የሸዋአየሁን ፊት ይቀርጻል። ርዕሱን ሁሉ አውጥቶለታል፤ «ከሞት የተነሳው አባወራ»።

የእናትህን ምጥ ብታገኘው ላይክ ትጠይቅበት ነበር አልኩት።

ሳቀ። «ይቺ ትመቻለች» አለና ስልኩን ወደ እኔ አዞረ። «እስቲ ድገሚያት።»

በሕይወቴ ብዙ ቆሻሻ አይቻለሁ። የፒያሳ ቦይ በክረምት ሲሞላ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ግን አላየሁም፤ ቆሻሻ እንኳ ሲነኩት ይሸታል፣ ይህ ሽቶ የተቀባ ነው።

አክስቴ ነገሩን ስነግራት አላለቀሰችም። እሄዳለሁ አለች። በስልክ እንንገራቸው፣ የሻው ጉብታው ላይ ሲወጣ ይደርሰዋል አልኳት። ያለቀስኩት በአፌ ነው፣ የማነሳውም በአፌ ነው አለችኝ። የጠቆረ ቀሚሷን አልለበሰችም፤ ነጩን ለበሰች። ሚኒባስ ተሳፈርን።

ለቅሶው ሜዳ ላይ ነበር። አስከሬን ለሌለው ሰው እንደሚደረገው አልጋ አውጥተው የማንያዘዋልን ጋቢና ዱላ አጋድመውበታል። ሸዋአየሁ ከአልጋው ራስጌ ተቀምጣለች፤ ጸጉሯ እዚህ ተቆርጦ እዚያ ቀርቶ፣ ጉንጯ ተቧጥጦ ቆስሏል። አክስቴን ሲያዩ ሴቶቹ ዋይታውን ከፍ አደረጉት፤ ሙሾ ልታወርድላቸው የመጣች መስሏቸዋል። አክስቴ መሀል ሜዳው ላይ ቆመችና እጇን አነሳች።

«ማንያዘዋል አለ። ያለቀስኩት ውሸት ነው። አታለውኝ ነው፤ አፉ ግን የእኔ ነው።»

ደስታ እጠብቅ ነበር፤ እልልታ እንኳ ባይሆን አንድ ሰው «እሰይ» ይላል ብዬ ነበር። ማንም አላለም። አያ ምስጋናው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና፣ እንኳየሁ፣ ሞተ ስትይ አመንንሽ፣ አለ ስትይም እንመንሽ? ከሁለቱ ቃልሽ የትኛውን እንያዝ? አሏት። ክፋት አልነበረባቸውም፤ የምር ነው የጠየቁት። እናቷም አያቷም አስለቃሽ ነበሩ፤ ለሦስት ትውልድ የተጠራቀመ ቃል ከፊቴ ሲፈስ አየሁት።

ይህን ጊዜ ነው ሰውአገኝን ያየሁት። እኛን ተከትሎ መጥቷል። ከዳሱ ማገር አጠገብ፣ ስልኩን በረጅሙ ዘንግ ሰክቶ፣ ከሰው ራስ በላይ ደቅኖ፣ ለስልኩ እያንሾካሾከ። ወጣቶቹ የአክስቴን ዓይን ተከትለው አዩትና ዱላ አነሱ። የሻው ቀደማቸው፤ ኮሌታውን ያዘው። ሰውአገኝ ኮሌታው ተይዞም ስልኩን አላወረደም።

«ተዉት» አለች አክስቴ። «እኔ ልሸኘው።»

ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በነጭ ቀሚሷ ላይ፣ ወደ እሱ ሄደች። ከፊቱ ቆመች። ከዚያ ለቆመ ሰው አላለቅስም ስትል የኖረችው ሴት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጀመረች፤

ሞተ ብዬ ነበር ያልሞተውን አንድ ሰው፣
የሞተው እዚህ ነው ስልኩን የደቀነው።
ዓይኑን ለስልክ ሰጥቶ ልቡንም ሸኝቶ፣
ቁሞ ይሄዳል ይኸው ውስጥ ለውስጥ ሞቶ።

ሴቶቹ መጀመሪያ ፈሩ። ከዚያ አንዷ «ዋይ» አለች፣ ሌላዋ ተቀበለቻት፣ ሜዳው በሙሉ ለሰውአገኝ አለቀሰ። ስሙን እየጠሩ፣ የእናቱን ስም እየጠሩ፣ ደረት እየመቱ። የሻው እጁን ከኮሌታው ለቀቀ፤ ሬሳ እንደነካ ሰው እጁን በጋቢው ጠረገ። በእኛ አገር ከዚህ በላይ ለሰው የሚደረግ የለም። ሰው ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ገዳም ገብቶ ይመንን ነበር።

እሱ ግን ቪዲዮውን አምባ ጊዮርጊስ ሳይደርስ ለቀቀው። ከመጀመሪያውም በለጠ። «በቁሜ የተለቀሰልኝ የመጀመሪያው ሰው» ብሎ ጻፈበት፤ ሰው በስልኩ በገንዘብ የሚገዛ የሥዕል ጽጌረዳ ይልክለታል፣ አንበሳ ይልክለታል። ግጥሙ ምን እንደሚል አልገባውም ልል ነበር። ገብቶታል። ግድ የለውም እንጂ።

ማንያዘዋል ራሱ መሞቱን የሰማው ገንዳ ውኃ ከተማ ዕቃ ሊገዛ በወጣበት ቀን ነው፤ ሻይ ቤት ውስጥ የማያውቀው ሰው ሙሾውን እያዳመጠ ነበር። ወዲያው ደወለ። የሻው ጉብታው ላይ ነበር፤ እየጮኸ ሸዋአየሁን አስጠርቶ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገላት። ባሏ ስሟን እየጠራ እኔ ነኝ፣ አለሁ ይላል። አጠገባቸው የቆመ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ ዐዋቂ ነውና አሁን የሞተ ሰው ድምፅ በማሽን ይሠራል፣ አትመኑ አለ። ሸዋአየሁ ስልኩን ለየሻው መለሰችለት።

«በስልክ ገድላችሁብኛል፤ በስልክ አታስነሱልኝም። በእግሩ ይምጣ።»

በእግሩ እስኪመጣ ድረስ ከሐዘኗ አልተነሳችም። መጣ። ሲመጣ ዱላውንና ጋቢውን ለድሀ ተሰጥተው አገኛቸው። የሚስቱን ራስ አየ። ሰውአገኝ እንደተነበየለት አልሳቀም።

አክስቴ ከዚያ ወዲህ ሙሾ አላወረደችም። ለምነዋት ነበር፤ አያ ምስጋናው ራሳቸው ሰው ልከውባታል። ቃሌ ተሰብሯል፣ በተሰበረ ገንቦ ውኃ አይቀዳም ብላ መለሰቻቸው። ፈትሏን ትፈትላለች።

ባለፈው እዚሁ ቁስቋም ሰፈር፣ ከእኛ ጥቂት ቤቶች ከፍ ብሎ፣ አንድ የወገራ ተወላጅ ሞተ። አክስቴ እንደ ማንኛዋም ጎረቤት ሄዳ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ። ማንያዘዋልም ከአገር ለለቅሶው መጥቶ ከወንዶቹ መሀል ተቀምጧል። አስለቃሽ የለም። የሟቹ ልጆች ትልቅ ድምፅ ማጉያ ተከራይተው ስልክ ሰኩበት። የአክስቴ ድምፅ ወጣ። ከበሮውን እንኳ አላወጡለትም። «ማንያዘዋል ብሎ ስም ያወጣ አባትህ» ሲል የሌላ ሰው ሬሳ ፊት ለፊት ሴቶቹ ተነስተው አለቀሱ፤ ስሙ የማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ማንያዘዋል ዱላው ላይ አገጩን አስደግፎ የራሱን ሙሾ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

አክስቴ ተነስታ ወጣች። ተከትሏት ወጣ። በሩ ላይ ጎን ለጎን ቆሙ።

«ሸጋ ሙሾ ነበር፣ እንኳየሁ» አላት። «የሞትኩ ለታ ምን ትይልኝ ይሆን?»

አክስቴ መሬት መሬቱን አየች።

«ያንተን አውጥቼዋለሁ፣ ማንያዘዋል። ሌላ የለኝም።»

ራሱን ነቀነቀ። ከድንኳኑ አፍ ላይ አንዲት ልጅ ሁለቱን አይታ ስልኳን ደቀነች። ሄጄ በመዳፌ ሸፈንኩት። የስልኩ መስታወት ሞቃት ነበር፤ ሙቀቱን እስከ ማታ ሳሙና ከእጄ አላለቀቀውም።